የዳቬይተኑ ከንቲባ

ከአገሬ የወጣሁ ሌሊት በከተማችን መብራት አልነበረም። ያን መብራት ለማስገባት ደጅ የጠናሁት እኔው ነበርኩ፤ ልወጣ ስል ጠፋ፣ ደግ አደረገ። ማንም ሳያየኝ በጭነት መኪና ወደ ሞያሌ ወረድኩ። ከተማዋ ከገጠር ቀበሌነት ወደ ማዘጋጃ ቤት ስታድግ የመጀመሪያው ከንቲባ እኔ ነበርኩ። መንገዶቿን በገመድ አስለክቼ አስቀደድኩ፣ ቧንቧ አስገባሁ፤ ከዚያ በአንድ ግምገማ ከወንበሬ ተነሳሁ። እስር ሲሸተኝ ባለቤቴን አስቴርንና ልጃችንን ናታንን ትቼ ወጣሁ። ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ሞዛምቢክን እንዴት እንዳለፍኩ አትጠይቁኝ፤ የሄደበት ያውቀዋል፣ ያልሄደበትም ባያውቀው ይሻለዋል።

ጆሃንስበርግ የጥገኝነት ወረቀት ልጠይቅ ስገባ ጸሐፊዋ "ሥራህ ምን ነበር?" አለችኝ።

"ከንቲባ።"

ወደ ጓደኛዋ ዞራ "ዛሬ ደግሞ ከንቲባ መጣልን፤ ባለፈው ሳምንት ጄኔራል ነበር" አለችና "ሥራ የለውም" ብላ ጻፈች። አልዋሸችም።

ከጆሃንስበርግ ወጣ ባለችው ዳቬይተን ከአገሬ ልጅ ከታከለ ጋር ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ ሱቅ ያዝን። የአከራያችን የማማ ኖምሳ ጋራዥ ነበረች። በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነን ዳቦና የስልክ ካርድ እንሸጣለን፤ ማታ እዚያው ጀርባዋ እንተኛለን። ማማ ኖምሳ ኪራይ ስትጨምር "አገርህ ስንት ትከፍል ነበር?" ትለኛለች። "እኔ አስከፍል ነበር እንጂ አልከፍልም" ስላት ከልቧ ትስቃለች፣ ጭማሪዋን ግን አትተውም። ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ ቅቤና በርበሬ አያውቅም፤ ቆጮ ይናፍቀኛል። የሰኔያቸው ብርድ ደግሞ ዝናብ የሌለው ደረቅ ብርድ ነው፤ አጥንት ይበላል፣ አንዲት ቅጠል አያበቅልም።

የአገሬ ሰው እዚህም ከንቲባ ይለኛል፣ ግማሹ ለአክብሮት፣ ግማሹ ለፌዝ። ከሹመቴ ተከትሎኝ የመጣው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ መርዶ መንገር። በከተማችን ሽማግሌዎች እኔን ሳይዙ መርዶ አይሄዱም ነበር። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ኖሮ ነው። እስከዚያ ቤተሰቡ ይዋሻል፣ ወዳጅ ይዋሻል፣ ፓስተሩም ሳይቀር ይዋሻል።

ኮሮና መጣና ሎክዳውን ታወጀ። መሰብሰብ ተከለከለ፣ ወታደር በየመንገዱ ቆመ። ወራት አልፎ ብርዱ ሲገባ የታከለ ጠባይ ተለወጠብኝ። በከንቲባነቴ ሲያሾፍ የኖረው ልጅ የስኳር ከረጢት ላነሳ ስል "ተው ጋሼ፣ እኔ አለሁ" ማለት አመጣ። ፓስተራችንም ደውሎ ጤናዬን ከጠየቀ በኋላ "ለመሆኑ ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት?" አለኝ።

"ሁለት ነን።"

"አይበቃም" አለ፤ ወዲያው ደግሞ "ለብርዱ ማለቴ ነው" ብሎ አረመ።

ይህን ጥያቄ እኔ ራሴ ስንቱን ጠይቄዋለሁ። ሰው ሞቶብኛል፤ እኔን የሚከብ ሰው ስለታጣ ነው የሚጠብቁት። ማን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ታከለን መጠየቅ ፈራሁ፤ ቢያለቅስ ምን እሆናለሁ?

በማግስቱ ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ እሱ በሕይወት አለ። እናቴን አገናኘኝ። "አይዞህ ልጄ፣ ጠንከር በል" ብላ ስልኩን ቶሎ መለሰችለት። እናቴ እኮ ስልክ ከያዘች አትለቅም ነበር። ቀጥዬ አስቴር ጋ ደወልኩ።

"ደህና ነሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።" ድምጿ ተዘግቷል።

"ምነው፣ ጉንፋን ነው?"

"አዎ፣ ጉንፋን ነው።"

"ናታንስ?"

"ትምህርት ቤት ሄዷል" አለችኝ።

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወራት አልፈዋል፤ እዚህም እዚያም። ተዘጋ ብላ የነገረችኝ ራሷ ነበረች። ከየመርዶው ስመለስ ሰውን እንዴት እንደምናታልል የማጫውታት እሷን ነበር፤ ግን ውሸት አይሆንላትም፣ ምስኪን። ታከለ ዳቦ የሚጠይቀውን ደንበኛ ትቶ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ሊይዘኝ ነው፣ ብቻውን።

"በርትተህ ተማር ብሎሃል በይልኝ" አልኳት።

"እሺ" አለች አስቴር። "እነግረዋለሁ።"