ሦስተኛው ሽቦ

ትናንት ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ተማሪዬ የመሣሪያውን ብረት ነክቶ እጁን መነጨቀና ሳቀ። «ቆንጠጥ አደረገኝ እኮ» አለ። እኔ አልሳቅኩም። ሁሉንም አስወጥቼ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ ብዙ ቆምኩ። ፈሪ ናት ይሉኛል፤ ይበሉ።

ጦርነቱ ካርቱምን ከማፍረሱ አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ እናቴ ካፉሪ በሚባለው የካርቱም ሰፈር በአንድ ሀብታም ቤት ምግብ ታበስል ነበር። ቤቱን የምታጸዳው ዘይነባ ነበረች፤ የወሎ ልጅ፣ ሳቂታ፣ ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል በተከራየናት አንዲት ቤት አብራን የምትኖር። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ገና ኤሌክትሪክ መማር ጀምሬአለሁ። ዘይነባ ፊደል አልቆጠረችም። ደብተሬን እያገላበጠች «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ትለኛለች፤ የመለስኩላትን ሁሉ እንደ ቁርኣን ትቀበላለች። ደስ ይለኝ ነበር።

የካርቱም ግንቦት እሳት ነው። ሳሎኑን የሚያቀዘቅዘው ሙከይፍ መስኮት ላይ የተሰቀለ የብረት ሳጥን ነው፤ ትንሽ ፓምፕ ጎንና ጎኑ ያለውን ጭድ በውሃ ታርሳለች፣ ነፋሱ በእርጥቡ ጭድ አልፎ ይገባል። ያ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ትምህርት ተዘግቶ እናቴን ተከትዬ በሄድኩበት ሰሞን ፓምፗ ተቃጠለች። ጠጋኙ «ቡክራ፣ ኢንሻላህ» እያለ ነገን በነገ እየተካ ሦስት ቀን ቀረ። አዲስ ፓምፕ ተገዝቶ ስለነበር እኔ ልሥራው አልኩ።

ከሶኬቱ የሚመጣው ገመድ ሦስት ሽቦ ነበረው። ሁለቱ ፓምፗ ላይ፣ ሦስተኛው ሳጥኑ ላይ በቡሎን ታስሯል። ኤሌክትሪክ በአንዱ ሄዶ በሌላው ይመለሳል ተብለን ተምረናል፤ ታዲያ ሦስተኛው ለምኑ ነው? ትርፍ ነው አልኩና ፈትቼ ተውኩት። ሁለቱን ከአዲሷ ፓምፕ ጋር ቀጥዬ በናስትሮ ጠቀለልኩ። ቀዝቃዛው አየር ሲመጣ የቤቱ እመቤት «ማሻላህ፣ ያ ባሽሙሀንዲሳ»፣ አንቺ መሐንዲስ፣ ብላ ሐብሐብ ቆረጠችልኝ። ዘይነባ ከእኔ በላይ ኮራች።

በአራተኛው ቀን «ሳጥኑን ስወለውለው ቆንጠጥ ያደርገኛል» አለችኝ።

«አይዞሽ ዘይነብዬ፤ አየሩ ስለደረቀ ነው፣ ልብስም እንዲህ ያደርጋል» አልኳት። መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት ነው።

«እንዲህ ነው እንዴ?» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግስቱ እንደ ቤቱ ደንብ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ሳሎኑን በውሃ አጠበች፤ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ሳጥኑን ልትወለውል እጇን ዘረጋች። እናቴ ስትጮህ ደረስኩ። የዘይነባ ጣቶች ብረቱን እንደያዙ ነበሩ።

አባወራው «ልቧ ነው» አለ። ማንም አልተከራከረም። እናቴ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አልነበራትም፤ ፖሊስ ቢመጣ ሁለታችንም መታሰራችን ነው። ክንዴን ጨምቃ «አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» አለችኝ። ዘይነባን በዚያው ቀን ቀበሯት። ሳምንት ቆይቶ ጠጋኙ መጣና ሦስተኛውን ሽቦ መልሶ አሰረው፤ ማን እንደፈታው አልጠየቀም። ያ ሽቦ ዘወትር ሥራ የለውም። ሌላው ሽቦ ተልጦ ብረቱን ሲነካ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስደው እሱ ነው፤ እሱ ከሌለ መንገዱ ሰው ይሆናል። ይህን የተማርኩት በቀጣዩ ዓመት ነው።

ፊዚክስን ለምን መረጥሽ ሲሉኝ ስለ ጎበዝ አስተማሪዬ አወራለሁ። እውነቱ ግን ግማሽ ማወቅን ስለፈራሁ ነው። አገር ቤት ገብቼ ዲግሪ በዲግሪ ላይ ብደርብም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

ዓምና ደሴ አጠገብ የዘይነባን እናት ፈልጌ አገኘኋቸው። የሄድኩት ልነግራቸው ነበር። እርጎ በእንጀራ አቀረቡልኝ፤ ስበላ ፊቴን ሲያዩ ቆዩና «ልጄ ልቧን ታማ አታውቅም፤ ዳገቱን በሩጫ ነበር የምትወጣው። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስቲ አስረጂኝ» አሉኝ።

«ልብ እንዲህ ነው እማማ፤ ጤነኛ መስሎ ይቆማል» አልኳቸው።

«አሁን ገባኝ። አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በየዒዱ እየደወሉ ይመርቁኛል። ሄጄ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ዓመት ሞላኝ። አስተማሪ ሆኜ ለስንቱ እውነቱን ሳስረዳ እውላለሁ፤ ለእኚህ ሴት ያስረዳሁት ግን ውሸት ነው። ዛሬ ጠዋትም ደውለው ነበር። አላነሳሁትም።