ሰው ያልቆጠርኩበት ወረቀት

በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ጎበዝ ተብዬ ተመስግኛለሁ፤ አንዱ ከቅኔ መምህሬ፣ ሌላው ከጣልያን። የመጀመሪያውን ረስቼዋለሁ። ሁለተኛውን ለመርሳት ስታገል ሸመገልኩ።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ ቅኔ ቤታችን ተበተነ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እጄ ከብዕር በቀር አያውቅም፤ ማረስ አልችልም፣ መሸፈት ደግሞ አልደፈርኩም። ወደ ይጁቤ የሚወርደው መንገድ ከከተማው በሚወጣበት ላይ ጣልያኖቹ አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ ተክለው ነበር። መንገዱን ሊያሰፉ ስለሆነ በቀን ስንት ሰውና ስንት ከብት እንደሚያልፍበት ማወቅ ይፈልጋሉ አለኝ አስተርጓሚያቸው። ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ እኔ ተገኘሁ።

በእኛ አገር ሰው አይቆጠርም። ልጆችህ ስንት ናቸው የተባለ አባት «እግዜር የሰጠን ያህል» ይላል እንጂ ቁጥር አይጠራም። የኔታም ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሠፍት እንደ ወረደ ደጋግመው አስተምረውናል። ስለዚህ ሰው መቁጠር ለሃይማኖቴ አይሆንም ብዬ እንቢ አልኩ። መንገዱን የሚያሠራው ጣልያናዊ መሐንዲስ ሲተረጎምለት ሳቀ። «እንግዲያው አህያና በቅሎውን ቁጠር። ግን በደንብ ቁጠር፤ ሲወርድ ጭኖ ነው ባዶውን፣ ሲመለስስ ጭኖ ነው ባዶውን?» አለኝ። ያን ዕለት ነፍሴን ያዳንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ወረቀቱን በአራት ከፈልኩት፤ ለመውረጃም ለመመለሻም «ጭነት»ና «ባዶ» ብዬ። ለእያንዳንዱ አህያ አንድ ጭረት። ከጎህ እስከ ማታ ከደጃፉ ንቅንቅ አልልም፤ ምሳዬን እንኳ ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል ነበር የምበላው። ሥራውን ወደድኩት። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

በዚያ መንገድ ከሚያልፉት አንዷ የክርስትና እናቴ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በአራት አህያ እየነገዱ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው ከመቀነታቸው የሽምብራ ቆሎ እየዘገኑ ይሰጡኛል።

«ልጄ፣ ይኼ ብርድ አይጎዳህም?» ይሉኛል።

«ምንም አልሆንም፣ እናቴ። እርስዎ ብቻ ደኅና ይግቡ።»

በገበያ ቀን እህል ጭኖ የወረደ አህያ ጨው ወይም ጥጥ ጭኖ ይመለሳል። ረቡዕ ግን ገበያ አልነበረም። እሳቸው ረቡዕ ረቡዕ አራቱንም አህያ ገብስ ጭነው ይወርዱና በማግሥቱ ባዷቸውን እየነዱ ይመለሱ ጀመር። ዓባይ በረሃ ውስጥ አርበኛ እንዳለ የማያውቅ አልነበረም። ገብሱን ማን እንደሚበላው አልጠፋኝም።

አንድ ሐሙስ ባዶ ሲመለሱ «ጭነት» ከሚለው ላይ ልጭርላቸው ብዬ ብዕሬን አንስቼ ነበር። በዚያው ሳምንት ግን መሐንዲሱ ወረቀቴን ለጓደኛው እያሳየ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አላየሁም ማለቱን አስተርጓሚው ነግሮኝ ነበር። ያን ምስጋና ለማበላሸት ሳሳሁ። ለራሴ የነገርኩት ሌላ ነው፤ ሐሰት መጻፍ ኃጢአት ነው አልኩና እንደ ወትሮዬ «ባዶ» ከሚለው ላይ ጫርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ወረቀቱ ከመሐንዲሱ ወደ ጦሩ ምሽግ መተላለፉን ያወቅኩት አስተርጓሚው ከአንድ መኮንን ጋር የመጣ ቀን ነው።

«ረቡዕ ጭኖ የሚወርደው አህያ ለምን ባዶውን ይመለሳል?» አለኝ መኮንኑ በአስተርጓሚው አፍ።

«እንጃ። እኔ የምቆጥረው አህያ ነው።»

«የማን አህያ ነው?»

«ሰው አልጽፍም ብያለሁ።»

ሄዱ። ስም ባለመጥራቴ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ። ስሙ ለምናቸው ነው? ቀኑን ሰጥቻቸዋለሁ። በሚቀጥለው ረቡዕ ሦስት ወታደሮች ከጎጆዬ ጓሮ ተቀምጠው ጠበቁ። የክርስትና እናቴ መጡ፤ ወታደሮቹን ሳያዩ ቆም ብለው እጃቸውን ወደ መቀነታቸው ሰደዱ። ሽሹ ማለት እችል ነበር። ወደ ወረቀቴ አጎነበስኩ።

ክረምቱን በሙሉ ታሰሩ። አህዮቻቸውን ጣልያን ለመንገዱ ሥራ ድንጋይ አስጫናቸው። በደጃፌ ሲመላለሱ አራቱንም አውቃቸዋለሁ፤ አንዷ ጆሮዋ የተሰነጠቀ ነበር። «ጭነት» ከሚለው ላይ ጻፍኳቸው።

ከመስቀል በኋላ ተፈቱ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ጎብጠው ስልቻ በጀርባቸው አዝለው ብቅ አሉ። ከሲታ ሆነዋል። እንደ ድሮው ከፊቴ ቆም አሉ፤ እጃቸው ግን ወደ መቀነታቸው አልሄደም። ወረቀቱን አዩት።

«ዛሬ አትጽፈኝም?»

«ሰው አልጽፍም፣ እናቴ» አልኩ። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ይህን ስል ደስ ያለኝ ነገር ነበረ።

ማዘያውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«አህዮቼንም እንደ ሰው ቆጥረህ ብትተዋቸው ምን ነበረበት፣ ልጄ?» አሉኝና ወደ ይጁቤ ወረዱ።

ነጻነት ከመጣ በኋላ ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ለጣልያን አድሬአለሁ ብዬ። ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ። ያልተናዘዝኩት ሌላውን ነው፤ እሳቸው ከወረዱ በኋላ ምን እንዳደረግኩ። ተነሥቼ አልተከተልኳቸውም፣ ስልቻውን ላግዝዎ አላልኩም። አንዲት የተጫነች በቅሎ እየመጣች ነበርና ብዕሬን አነሣሁ።