አራተኛው አንድም

ተማሪዎቼ ሲያሙኝ ሰምቻለሁ። «የኔታ ሌላ ጥያቄ አያውቁም፤ ከማን ሰማኸው ብቻ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። አንዱ ተነሥቶ የወንጌሉን ንባብ ሲተረጉም፣ ትርጓሜው ቢያምርም ባያምርም፣ ከየትኛው መምህር አፍ እንደተቀበለው ሳይነግረኝ አላልፈውም። ለሥርዓት የምቆረቆር ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው።

ትርጓሜ የተማርኩት ሰበታ ነው፤ ጠላት ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከጅማ መንገድ ከፍ ብሎ ባለ የቤተ ክርስቲያን ግቢ። የኔታ ቁርበታቸው ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ተማሪ የግዕዙን ንባብ አንድ መስመር ያነባል፣ እሳቸው ይፈቱታል። መጀመሪያ ቀጥተኛውን ፍቺ፣ ቀጥሎ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን፣ እንደገና «አንድም» ብለው ሦስተኛውን። ቃሉ ለማን እንደተነገረ፣ በምን ምክንያት እንደተጻፈ፣ ሁሉም እዚያው ይወጣል። በወረቀት መያዝ ነውር ነበር። አንድ ቀን የቀረ ሰው ያመለጠውን ከጓደኛው አፍ ይቀበላል፤ ጓደኛውም ሳይጨምር ሳይቀንስ ይሰጠዋል። ከራሱ አንድም የፈጠረ ሰው የሚታየው እንደ ሌባ ነው። ከዚያ በኋላ የትኛውም ጉባኤ አያስጠጋውም።

ከመካከላችን አንድ የሱሉልታ ገበሬ ነበረ። በልጅነቱ ድቁና ተቀብሏል፣ አሁን አርባ አልፎታል፣ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነው። ሁለት ሳምንት ከእኛ ጋር ይሰነብትና በቡራዩ በኩል አቋርጦ በእግሩ ወደ እርሻው ይመለሳል። የአጥቢያው ሽማግሌዎች ቃል ገብተውለታል፤ ትርጓሜውን ጨርሶ በሊቃውንት ፊት ካስመሰከረ መምህራቸው ያደርጉታል። መምህር ደግሞ ለአገልጋይ የሚሰጠውን የቤተ ክርስቲያን መሬት ያገኛል። ለእሱ ይህ ማለት ከጌታው እጅ መውጣት ነው። ለሱሉልታ ሰው ደግሞ ወንጌልን በኦሮምኛ የሚያስረዳው ሰው ማግኘት ነበር።

እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከጎጃም የመጣሁ፣ ቅኔ የጨረስኩ፣ በግዕዜ የምኮፈስ ጎረምሳ። የእሱ አማርኛ የኦሮምኛ ቅላጼ ነበረው፤ እናሾፍበታለን። ነገር ግን አንዴ የሰማው አይጠፋውም። እኔ ስሳሳት የኔታ «ና እስቲ አንተ ገበሬ፣ ለዚህ ሊቅ ንገረው» ይሉታል። ይነግረኛል፤ ያውም ለእኔ እያፈረልኝ። ያንገበገበኝ ያ ማፈሩ ነው። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ለበዓል ቤቱ ወሰደኝ። ያላቸውን ሁሉ አቀረቡልኝ። ባለቤቱ በጠራራ ፀሐይ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ጀርባዋ ርሷል፤ እንስራዋ ተሰንጥቃ በሰም ተለስናለች። ለምን በጠዋት ከሌሎቹ ሴቶች ጋር እንደማትሄድ ጠየቅሁት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲያንጠባጥብባት ይስቁባታል። ሌላ እስክንገዛ ነው፣ ኦቦሌሳ ኮ» አለኝ። ወንድሜ ማለቱ ነው። በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተመለስኩ።

በመከር ጊዜ ጌታው ለአጨዳ ጠራውና ከጉባኤ ቀረ። በዚያው ሳምንት የኔታ ጌታችን በጉድጓድ አጠገብ ውኃ የለመናትን ሴት ታሪክ ተረጎሙ። ሴትዮዋ እንስራዋን ትታ ወደ ከተማ ሄደች፤ ለምን ተወቻት? የኔታ ሦስት ፍቺ ሰጡ፦ ለመፍጠን፤ አንድም የሚበልጥ ውኃ ስላገኘች፤ አንድም ለመመለሷ ምልክት እንድትሆን።

ሲመለስ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ሦስቱን በትክክል ነገርኩት። ከዚያ የየኔታን ድምፅ አስመስዬ ቀጠልኩ፦ «አንድም፣ እንስራዋ የተሰነጠቀች ነበረች። በቀትር የወጣችው ጎረቤቶቿ እንዳይስቁባት ነው። ጌታ ግን ከዚያችው ከምታንጠባጥበው እንስራ አጠጪኝ አላት። ከዚያ ወዲያ የምትደብቀው ነገር አልነበራትም፤ ትታት ሄደች።»

ክንዴን ያዘኝ።

«የኔታ ናቸው ያሉት?»

«እሳቸው ናቸው።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሚስቱን ከእንስራዋ ጋር መጫወቻ እንዳደረግኋት እንኳ አልጠረጠረም። እንዲህ ያለ የዋህ ሰው ያናድደኝ ነበር።

በማግስቱ በጓደኞቻችን ፊት ይለዋል፣ እንስቃለን ብዬ ነበር። የኔታ ግን ወደ ሌላ ምዕራፍ አልፈው ስለነበር ሳይጠየቅ ቀረ። እስከ ምስክሩ ቀን አምስት ወር ነበረኝ። አምስት ወር ሙሉ፣ ሰበታ በሰነበተ ቁጥር ከአንድ ገበታ እየበላን፣ በአንድ ጎጆ እየተኛን አልነገርኩትም። ረስቼው አልነበረም።

የምስክሩ ዕለት ሊቃውንቱ ከአዲስ አበባ መጡ። የሱሉልታ ሽማግሌዎችም ነጭ ለብሰው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። እሱ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠየቅ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ከቀትር በኋላ እንስራዋ ላይ ተደረሰ። ሦስቱን በደንቡ አወረደ። አራተኛውን ከሁሉ አሳምሮ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ አለው።

መጀመሪያ አንዱ ሊቅ ሳቁን በሳል አፈነ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። «የገበሬ ወንጌል!» አለ አንደኛው።

የየኔታ ፊት ጠቆረ። «ይህ ከእኔ አልወጣም። ከማን ሰማኸው?»

ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ ገባው፤ ሲገባው አየሁት። እኔ የነጠላዬን ጥለት እቆጥር ነበር። እጁን ወደ እኔ ቢቀስር እሱ ይድን ነበር፣ እኔም ያን ዕለት እባረር ነበር።

«ከራሴ ነው፣ የኔታ» አለ።

«እንግዲያው ወደ ሞፈርህ ተመለስ» አሉት። ሳይመርቁት ተነሡ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ከሦስት ወር በኋላ መምህር አጥተው ሲለምኑ የኔታ እኔን ላኩላቸው።

መሬቱም ለእኔ ሆነ። ማረስ አላውቅም፤ ሽማግሌዎቹ ጎበዝ አራሽ አመጡልኝ። እሱን አመጡልኝ። ሊቅ ሊሆን አምሮት ነበር ተብሎ ጌታው አባሮት ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት አረሰልኝ። በየመከሩ የድርሻዬን ጭኖ ይመጣና ሃያ ዓመት የሚበልጠኝ ሰው ደጄ ላይ ቆሞ «የኔታ፣ እንደምን አደሩ» ይለኛል። ኦቦሌሳ ኮ ማለቱን ትቷል። ያን ቀን ጨርሶ አንስቶ አያውቅም። እኔም በአማርኛ እሰብካለሁ፤ ግማሹ ሕዝብ ሳይገባው ራሱን ይነቀንቃል። እውነቱን ለመናገር ተመችቶኝ ኖርኩ።

አንድ እሁድ እንስራዋን ትታ ስለሄደችው ሴት ሰበክሁ። ሦስቱን ብዬ አለፍሁ። ከቅዳሴ በኋላ የአራሼ ባለቤት ወደ እኔ መጣች። አርጅታለች። እሱ ከኋላዋ ቆሟል፣ ሌላውም ሰው ከቦን ቆሟል።

«የኔታ፣ እንስራዋ ተሰንጥቃ ነበር የሚለውን ለምን ተዉት?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ አራተኛውን አንድም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወረደችው። አንዲት ቃል አላጎደለችም። «የጥንት አባቶች ቃል ነው። ባለቤቴ ሰበታ ሲማር ሰምቶ ነገረኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በጠዋት ነው ውኃ የምወርደው፤ ከሴቶቹ ጋር፣ በዚያችው እንስራ። ቢስቁም ይሳቁ።»

ያን ሁሉ ዓመት አልነገራትም ማለት ነው። ለምን እንደወደቀ አታውቅም።

እውነቱን መናገር እችል ነበር። «አዎ አለ፤ ረስቼው ነው» ብሎ መዋሸትም ይቻል ነበር። ሰዉ ግን እያየኝ ነው፣ እኔም መምህር ነኝ።

«እንዲህ ያለ ትርጓሜ የለም» አልኳት። «ከማን ሰማሽው?»

ደንግጣ ወደ ባሏ ዞረች። እሱ እኔን አየኝ፤ ያኔ ሰበታ እንዳየኝ አድርጎ። እኔም ያኔ እንዳደረግሁት የነጠላዬን ጥለት ቆጠርሁ።

«ከራሴ ነው» አላት። «ዋሽቼሽ ነው።»

በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀችው። አልገባኝም። እሱም ቀድሟት ከግቢው ወጣ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ብቻዋን ውኃ ስትወርድ አየኋት። የያዘቻት እንስራ ያቺ አይደለችም፤ ስንጥቅ የሌላት ደህና ነበረች።