የበላ ውሃ

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እጄ የጠላ አተላ ይሸት ነበር። ሰበታ፣ ከቤታችን በታች ባለው ግድብ ካርፕ የሚባለውን ዓሳ የሚያጠምዱት ኦቦ ዲንሳ፣ የክፍል ጓደኛዬ የጫልቱ አባት፣ አተላና የስንዴ ዱቄት ሰጥተው ሁለታችንን ያስቦኩን ነበር። ሊጡ ጣት ላይ ከተጣበቀ ቀጥኗል፣ ከተሰነጠቀ ደርቋል። ልክ ሲሆን እንደ ሽምብራ እያድቦለቦልን መንጠቆው ላይ እንለጥፈዋለን። ካርፕ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው ይሉናል፤ ምግቡን ሳብ አድርጎ ያጣጥምና ከጠረጠረ ይተፋዋል። ስለዚህ ክሩ ስለተነቃነቀ አይጎተትም፤ ተወጥሮ መሄድ አለበት። “እሱ ይቸኩል፣ እናንተ ምን አስቸኮላችሁ?” ይሉን ነበር።

ትልቁ ሥራ ግን ማብላት ነው። አንድ ጥግ መርጠው ሳምንቱን ሙሉ፣ መንጠቆ ሳይጥሉ፣ የበቆሎ ንፍሮ ይበትኑበታል። ዓሳው ቦታውን ይለምዳል። እንዲህ ያለውን ቦታ የግድቡ ሰዎች “የበላ ውሃ” ይሉታል። ያበላው ሰው የመጀመሪያውን ዓሳ ሳያወጣ ሌላ ሰው ክር አይጥልበትም። አጥርም ምልክትም የለውም፣ ሁሉም ግን ያውቃል።

የጫልቱ እናት ታመው ከአልጋ የተነሱ ሰሞን እህል አልወርድ አላቸው። የዓሳ ሾርባ ቢሆን እሞክር ነበር አሉ። ኦቦ ዲንሳ ያን ሳምንት ንፍሮውን ሳያጓድሉ አበሉ። ቅዳሜ ጠዋት ከጫልቱ ጋር ሊጡን ስናድቦለብል፣ የቢሮ ሰው የነበረው አባቴ ከሁለት ወዳጆቹ ጋር፣ ከከተማ የገዛውን አዲስ ዘንግ ይዞ መጣ። ሰላም ብሎን አለፈና የበላው ውሃ ላይ መንጠቆውን ጣለ።

ጫልቱ ሮጣ ሄደች። “ጋሼ፣ እዚህ ጋ አባቴ ያበላው ነው።”

“ታዲያ ዓሳው ያበላውን ሰው ስም ያውቃል?” አላት። ወዳጆቹ ሳቁ። እኔ ሊጡን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ብዙም ሳይቆይ ክንድ የሚያክል ካርፕ ወጣ። አባቴ መንጠቆውን ማላቀቅ አቃተው። ኦቦ ዲንሳ መጥተው ተንበረከኩ፣ ከንፈሩን ሳይቀዱ አላቀቁለት፤ ለመያዣ እንዲመቸውም በጉንጩ ሣር አሳልፈው ቋጠሩለት። አባቴ ጀርባቸውን መታ መታ አድርጎ ጎበዝ አላቸው፣ በዕድሜ የሚበልጡትን ሰው። ዓሳው የሄደው ወዳጆቹ ቢራ ወደሚጠጡበት ቤት ነው። ጫልቱ እኔን አላየችኝም፤ የምታየው ሣሩን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ግድቡ አልወረድኩም። ጫልቱ ስትጠይቀኝ ጥናት በዛብኝ አልኳት። ጥናት አልነበረም፤ በአባቴ ማፈሬን ለማን እነግራለሁ? በኋላ እሷ ሱሉልታ አገባች፣ እኔም እዚያው ሰበታ ተዳርኩ። ባለቤቴ ቤታችንን የሠራበት መሬት የገበሬ ማሳ ነበር። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ምክንያት ረብሻ በተነሳ ዓመት ባለቤቴ ታሞ አረፈብኝ። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ስለነበር አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቼ በስልክ አለቀሱልኝ። ድንኳኑ ግማሹ ባዶ ነበር።

በማግስቱ ኦቦ ዲንሳ በእግራቸው መጡ። አርጅተዋል፣ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ግድቡ ዳር ያለው ማሳቸው ለፋብሪካ እንደተወሰደባቸው ሰምቻለሁ። እንዴት አለፉ ብዬ ጠየቅኳቸው።

“መንገዱን የዘጉት ልጆች አስቆሙኝ፣ ማን ቤት ነው የምትሄደው አሉኝ” አሉ። “ልጄ ቤት ለቅሶ አለ አልኳቸው። አሳለፉኝ።”

ያኔ ልጅ ነበርኩና ከኀፍረቴ ሮጬ ማምለጥ እችል ነበር። ዛሬ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው የትም አይሄድም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች ለባሌ የማለቅስ መስሏቸው አይዞሽ አሉኝ።