አራት ኮር እስኪገባ

ልጄ ኢክራም ላፕቶፕ ግዛልኝ ማለት ከጀመረች ወራት አልፈዋል። እሺ ብዬ፣ ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያመጣልኝን ሰው አናግሬ፣ ነገሩን ከጨረስኩ በኋላ ባለፈው ሳምንት ደወለችና «አባዬ፣ ቆይ እንዳትገዛው!» አለችኝ። ለምን ብላት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ ሞዴል ይወጣል፣ ፕሮሰሰሩ ካሁኑ በጣም ይፈጥናል፣ አሁን የሚገዛ ሰው በኋላ ይቆጨዋል አለች። የመመረቂያ ጽሑፍሽንስ እስከዚያ በምን ትጽፊዋለሽ ብዬ ጠየቅኋት። «በጓደኛዬ ላፕቶፕ ነዋ፣ እሷ ክፍል ስትገባ» አለችኝ፣ ነገሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

ስልኩን ዘግቼ የፎቶ ቤቴ ደጃፍ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። የሸዋ ሮቢት ሙቀት በግንቦት ወር ሰውን ለማናደድ ሌላ ምክንያት አይፈልግም። እኔ ግን ምክንያት ነበረኝ። የተናደድኩት ደግሞ በልጄ ብቻ አልነበረም። እሷ የምትለውን ሁሉ ቃል በቃል እኔም ብዬው ስለነበር ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነበርኩ። ከአጣዬ እስከ አሊዩ አምባ ሰርግ ካለ ካሜራዬን አንግቤ እሄድ ነበር። ካሜራው ትንንሽ ካሴት የሚበላ፣ ከሰው እጅ የገዛሁት ነው። እሱስ ደህና ነበር፤ ያቃጠለኝ ላፕቶፑ ነው። ከአንድ መምህር የገዛሁት፣ ከባድ፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮህ ማሽን። የተቀረጸውን ቆራርጬ፣ ዘፈን ጨምሬ፣ ጽሑፍ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ማሽኑ ሁሉንም አንድ ላይ ገጣጥሞ ፊልም ማድረግ አለበት። እኛ ሬንደር እንለዋለን። የአንድ ሰርግ ሬንደር ሙሉ ቀን ይፈጅ ነበር፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። መብራት ደግሞ ይጠፋል። ላፕቶፑ ባትሪው ስለሞተ አብሮ ይጠፋል። አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሬ ስጠብቀው ውዬ፣ ዘጠና ስምንት በመቶ ላይ ሲደርስ ድርግም አለ። ያን ዕለት ሸሚዜን አውልቄ ግድግዳው ላይ ወርውሬአለሁ። ግድግዳው ምን እንዳጠፋ አላውቅም።

ዳዊት የሚባል አብሮ አደጌ አዲስ አበባ ኮምፒውተር መሸጫ ውስጥ ይሠራ ነበር። ላፕቶፕ ልገዛ ነው ስለው፣ «ጥሩ ጊዜ ላይ ነህ፤ ሁለት ኮር ያለው መጥቷል» አለኝ። ኮር ማለት ምን እንደሆነ ሲያስረዳኝ፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ሠራተኛ በለው፤ ያንተው አንድ ሠራተኛ ነው ያለው፣ ይሄኛው ሁለት ነው፣ ሥራ ይካፈላሉ አለ። ደስ አለኝ። በሳምንቱ ልሄድ ስል ደወለ። «አትምጣ። ከዚህ የሚፈጥን ሁለት ኮር እየመጣ ነው።» ጠበቅሁ። ከሁለት ወር በኋላ፣ «አትምጣ፣ አራት ኮር ሊገባ ነው» አለ። ይሄን ሲለኝ ድምፁ ውስጥ የነበረው ደስታ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። እኔም ተደሰትኩ። አራት ሠራተኛ!

በዚያው ዓመት ጥር ላይ የቀረጽኩት ሰርግ የረሕማ ሰርግ ነበር። ረሕማ የጋሽ ኢብራሂምና የእትዬ ዘይነባ የመጨረሻ ልጅ ናት። ሰፈራቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ቆላው ሲወርዱ፣ ማሾና ማሽላ የሚዘራበት አገር ነው። ባሏ ጅዳ ስለሚሠራ ሰርጉ ካለፈ ሁለት ወር ሳይሞላ ይዟት ሄደ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ሰርግ ያማረ ቀርጬ አላውቅም። ሦስት ካሴት ሞላሁ። ስለዚህም በዚያ አሮጌ ማሽን ላበላሸው አልፈለግኩም። ይሄን በአዲሱ ነው የምሠራው፣ ሰው አይቶ የሚደነቅበት ይሆናል አልኩ። ሌሎቹን ሰርጎች እንደምንም እየገጣጠምኩ አስረከብኩ። የረሕማን ለአራት ኮር አስቀመጥኩት።

እትዬ ዘይነባ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት በሚያዝያ ወር፣ በገበያ ቀን ነው። በሻሽ የተቋጠረ ማሾ ይዘውልኝ መጡ።

«ልጄ፣ ደረሰ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ። አዲስ ማሽን እየመጣልኝ ነው።»

«ኢንሻላህ» ብለው ሄዱ።

በግንቦት መጡ። በሰኔ መጡ፣ ጭቃውን እየረገጡ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው። ያኔ ነው የባላቸውን ነገር የነገሩኝ።

«ሰውዬው ዓይኑ እየደከመ ነው» አሉ። «ጠራራ ፀሐይ ላይ እንኳ ደህና አያይም። ልጄን አንዴ ልያት ይላል።»

እዚህ ላይ ያልኩትን ልጽፈው አፍራለሁ፤ ግን ካልጻፍኩት ይሄን ሁሉ ማውራቴ ዋጋ የለውም። «እንግዲያማ አዲሱን መጠበቁ ይሻላል፤ ምስሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ለደከመ ዓይን የሚሻለው እሱ ነው» አልኳቸው። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እንደ ሐኪም ነበር የተናገርኩት።

እትዬ ዘይነባ ጫማቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ላብ በፊታቸው ይወርድ ነበር። «አንተ ልጅ» አሉ፣ «እኔ አሳምረህ አሳየኝ አላልኩህም። ልጅቷን አሳየኝ ነው ያልኩህ። ጥርት ያለ የምትለው ምኑን ነው? እኛ የምናውቃትን ልጅ!»

«ወላሂ እትዬ፣ በሚቀጥለው ወር—»

«አትማል!» አሉኝ። «አላህን ምስክር እያደረግህ ዛሬን ነገ አትበልብኝ።»

ከዚያ በኋላ አልመጡም። ባለመምጣታቸው ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል አለኝ። እግራቸው ደጃፌን ባለመርገጡ ነገሩ የተረሳ መሰለኝ። ክረምቱን ሙሉ ዳዊት ጋ ስደውል፣ እሱም ይገባል፣ ሊገባ ነው፣ መርከብ ላይ ነው ሲለኝ ከረመ። ዳዊት ዛሬ ሳነሳበት ይስቃል። እኔ አልስቅም።

አራት ኮሩ የገባው በጥቅምት ነው። አዲስ አበባ ወጥቼ ገዛሁት። ስመለስ ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖት አውቶቡሱ እየዳኸ ነበር የሚሄደው። ተራራውን ከሚሰነጥቀው የመኪና ዋሻ ወጥተን መስኮቱ ስር የገብስ ቆሎ ሊሸጡ ሰዎች ሲሯሯጡ፣ እኔ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ቆሎ እንኳ ለመግዛት እጄን ልለቅ አልቻልኩም። ደብረ ሲናን አልፈን ወደ ቆላው ስንወርድ ሙቀቱ ሲቀበለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙቀቱ አልተናደድኩም።

የረሕማን ሰርግ በማግሥቱ ቆርጬ ገጣጥሜ ሬንደር ሰጠሁት። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ወንበሬ ላይ ተደላድዬ፣ መቶ በመቶ ሲል እጄን አጨበጨብኩ። ምስሉ ላይ አበባ ይረግፋል፣ ስማቸው በወርቅ ቀለም ይጻፋል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚያ ዘመን የታወቁ የሰርግ ዘፈኖች አሉበት። ካሴቶቹን ለሌላ ሥራ ስለምፈልጋቸው ከጨረስኩ በኋላ መልሼ እቀርጽባቸው ነበር። ማሽኑ ላይ የገለበጥኩትንም ቦታ እንዳይይዝ አጠፋሁት። ፊልሙ እንደሆነ ተሠርቷል፤ ከዚህ በኋላ ጥሬው ምን ያደርጋል?

ከጥቂት ቀን በኋላ የሌላ ሰው ድግስ ቀርጬ፣ በማግሥቱ ላፕቶፑን ባትሪ ሞልቼ ወደ ሰፈራቸው ሄድኩ። ባጃጁ መንገዱ ካለቀበት አወረደኝና በእግሬ በማሽላው መሃል ገባሁ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ድምፅ ከየማማው ላይ ይሰማል። በልቤ፣ እንኳን ጠበቅኩ፣ ይሄን ሲያዩ የቆዩበትን ሁሉ ይረሱታል እያልኩ ነበር።

ጋሽ ኢብራሂም ግቢያቸው ውስጥ፣ ጥላ ስር፣ ጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሽርጥ ታጥቀው ነጭ ኮፍያ አድርገዋል። ሰላም ብዬ ላፕቶፑን ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ አስቀመጥኩና ከፈትኩት። ዘፈኑ ጀመረ። አበባው ረገፈ። ረሕማ በነጭ ልብስ ከቤት ወጣች።

ጋሽ ኢብራሂም የሚያዩት ወደ ላፕቶፑ አልነበረም። ትንሽ ወደ ጎን፣ ወደ አጥሩ ነበር።

«ወዴት ጋ ነው ያለችው?» አሉ።

እትዬ ዘይነባ ከኋላዬ ቆመው ነበር። «ባለፈው ወር ነው ጨርሶ የጨለመበት» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም። «ደብረ ብርሃን ወስደነው ነበር። ሞራ ቢሆን ይገፈፍ ነበር፣ ነርቩ ነው፣ አይመለስም አሉን። ነግሬህ ነበር።»

ፊልሙን ለማጥፋትም ለመቀጠልም አልቻልኩም። ጋሽ ኢብራሂም ግን ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጡ ነበር። ብዙ አዳመጡ። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲጀምር፣

«ልጄ አታወራም እንዴ?» አሉ።

«ዘፈን ነው ያደረግኩበት፣ ጋሼ።»

«ዘፈኑንማ ራዲዮም ይለዋል» አሉ። «እሷ የምታወራበት የለም?»

አልነበረም። የሰዉን ድምፅ ሁሉ አጥፍቼ በዘፈን ተክቼዋለሁ። ጫጫታ ነው ብዬ። ሰው ሲያስነጥስ፣ ሲጠራራ፣ ዕቃ ሲወድቅ፣ ይሄ ሁሉ ፊልም ያበላሻል ብዬ። ላፕቶፑን አጥፌ፣ ነገ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። እትዬ ዘይነባ ነገ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ምን እንዳሰቡ መጠየቅ አያስፈልግም።

ፎቶ ቤቴ ደርሼ ካሴቶቹን አገላበጥኩ። ከሦስቱ በሁለቱ ላይ የትናንቱ ድግስ ተቀርጾባቸዋል። ይሄን ያህል በራሴ የተናደድኩበት ቀን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። የእሷ ሰርግ ዘጠኝ ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ማንም ሳይነካው፣ በመጨረሻው ቀን እኔው አጠፋሁት። ሦስተኛው ካሴት ብቻ ተርፎ ነበር፤ ሙሽራው ከመድረሱ በፊት ያለው ጠዋት።

በማግሥቱ ላፕቶፑን ትቼ ካሜራውን ይዤ ሄድኩ። የካሜራው ድምፅ ማጉያ ከሽምብራ ብዙም አይበልጥም፤ ጋሽ ኢብራሂም ጆሮ አጠገብ ያዝኩላቸው። መጀመሪያ የዶሮ ድምፅ መጣ። ከዚያ የሴቶች ሳቅ። ከዚያ የእሳቸው የራሳቸው ድምፅ፣ እኔን ሲቆጣ፣ «ይቺን ነገር ከፊቴ አንሳልኝ!» ሲል። ፈገግ አሉ። ከዚያ ረሕማ ከቅርብ ሆና ተናገረች።

«አብዬ፣ ኮፍያህ ተጣሟል። ና ላስተካክልልህ።»

«ተይ አንቺ፣ ሰው እያየ!»

«ይየን! ዝቅ በልልኝ።»

ጋሽ ኢብራሂም እጃቸው ወደ ኮፍያቸው ሄደ። አስተካከሉት። ደሞም ራሳቸውን ትንሽ ዝቅ አደረጉ። ምናልባት ይሄን ማድረጋቸውን አላወቁትም።

«መልሰው» አሉኝ።

መለስኩት። ደግመው፣ «መልሰው» አሉ። ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አላስታውስም። እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ቤት ገቡ። ለዚህ ሥራ አራት ኮርም አንድ ኮርም አላስፈለገም። ሚያዝያ ላይ፣ ማሾውን ይዘው በመጡ ቀን፣ ካሴቱን ከመሳቢያ አውጥቼ በካሜራው ብከፍተው ጋሽ ኢብራሂም ድምፁን ብቻ ሳይሆን ፊቷንም ያዩ ነበር።

ፊልሙንም ድምፁንም በኋላ ለየብቻ ወደ ሲዲ ገልብጬ ሰጠኋቸው። ጋሽ ኢብራሂም ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር በድምፄ አውቀውኝ፣ ስሜን ጠርተው ይመርቁኝ ነበር። ምርቃቱ ከስድብ በላይ ያመኝ ነበር።

ባለፈው ረመዳን አንዲት ሴት ፎቶ ቤቴ መጣች። ከጅዳ ከተመለሰች ጥቂት ወር እንደሆናት፣ አባቷ ሲሞቱ ለመድረስ እንዳልቻለች ነገረችኝ። የድምፁ ሲዲ ተጫጭሮ አልከፈት ብሏታል። እኔ ጋ ቅጂው እንዳለ ስነግራት ተቀመጠች። ወርቃማው ስም የተጻፈበትን፣ አበባ የሚረግፍበትን ፊልም መጀመሪያ ላሳያት ብል፣ እጇን አወዛወዘች። «እሱን አይቼዋለሁ» አለች። «አብዬ ‹ተይ አንቺ› የሚልበትን ነው።»

ስልኳ ላይ ጫንኩላት። እዚያው ወንበሩ ላይ ሆና ሰማችው፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ተጭና። ውጭ ሰው ማፍጠሪያ ሊገዛ ይጣደፍ ነበር። እኔ ለወጉ የማይረባ ወረቀት እየደረደርኩ ጀርባዬን ሰጠኋት፤ ከአባቷ ዓይን የነጠቅኩትን ያንን ዘጠኝ ወር የምመልስበት ማሽን እስካሁን አልተሠራም፣ ቢሠራም ፈጥኖ አይደርስም። ይሄን ነው ለልጄ መንገር የነበረብኝ። ስልኩን ዘጋሁባት እንጂ።