የአራቱ የክርስትና ስም

የወንድሜን ነገር የሰማሁት ከመርማሪ አፍ ነው።

«ከጦር ክፍሉ መልስ መጥቷል» አለኝ፤ «ሄሊኮፕተሩ ተመትቷል። ወንድምሽ የለም። እንግዲህ የማንን ምስጢር ነው የምትጠብቂው?»

ከተያዝሁ ዘጠነኛ ቀኔ ነበር። የያዙኝ ባሕር ዳር፣ ታንኳ ማረፊያው ላይ ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ አባታችን መንኩሰው፣ ሴት በማይገባበት ደሴት ያገለግሉ ነበር። ወንድሜ በፈቃዱ አየር ኃይል ከገባ ወዲህ ከጦር ሜዳ የሚጽፈውን ደብዳቤ ለታንኳ ቀዛፊ እየሰጠሁ እልክላቸው ነበር። በመጨረሻው ደብዳቤ ግርጌ «አባባ፣ በቅዳሴ ያስቡልኝ» ብሎ አብረውት የሚበሩትን የአራት ጓደኞቹን የክርስትና ስም ጽፏል፦ ወልደ ሐና፣ ገብረ ኪዳን፣ ወልደ ትንሣኤ፣ ኃይለ ኢየሱስ። ፈታሾቹ የኅቡዕ ድርጅት ስም ዝርዝር አገኘን አሉ።

መርማሪው የመጀመሪያ ቀን ስቆብኝ ነበር።

«የዓለም ስማቸውስ?»

«አላውቅም። ለጸሎት አይጠየቅም።»

«እግዜር መታወቂያ አያይም በይኛ!»

«ጓድ፣ እርስዎም የክርስትና ስም አለዎት። እናትዎን ይጠይቁ።»

ሳቁን አቆመ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ትቼዋለሁ።

በዘጠነኛው ቀን መርዶዬን ይዤ ወደ እስር ክፍሉ ተመለስሁ። አሥራ አራት ሴቶች ነበርን፤ ግድግዳው የሐይቅ እርጥበት ይሸታል። ጮኾ ማልቀስ ክልክል ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስሁ። ዘበኛው «አስተካክይው» አለኝ፤ አላስተካከልሁትም።

ወደ ምሥራቅ ዞሬ ወንድሜን በክርስትና ስሙ ከሙታን ጋር ጠራሁት። አራቱ ላይ ስደርስ ቃሌ ቆመ። መርማሪው ስለ እነሱ ያለው ነገር የለም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅ ታውቂያቸዋለሽ ይለኝ ነበር።

አጠገቤ የነበሩ አንዲት ጠላ ሻጭ አሮጊት «ምነው ልጄ፣ ቆምሽሳ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም።»

«እንግዲያ አትግደያቸዋ! በቁሙ ላለ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ‹ያሉበትን አንተ ታውቃለህ› በዪና እለፊ።»

እንዲያ ብዬ አለፍሁ።

ከተፈታሁ፣ አገሬንም ከለቀቅሁ ብዙ ዘመን ሆነ። አባታችንም አርፈዋል። በዚህ በሰው አገር በየእሑዱ ለቄሱ ስም ጽፌ እሰጣለሁ፤ አንድ ወረቀት ለሕያዋን፣ አንድ ወረቀት ለሙታን። አራቱን የትኛው ላይ እንደማሰፍር እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱም ላይ መጻፍ ደግሞ እፈራለሁ።

ከወንድሜ ጋር የበራችሁ፣ ሄሊኮፕተሩ የተመታ ቀን ከጦር ሰፈሩ የነበራችሁ፦ የዓለም ስማችሁን አልጠይቅም። ከእነዚህ ስሞች አንዱ የእናንተ ከሆነ፣ ወይም ሲቀበር ያያችሁት ካለ፣ በየትኛው ወረቀት ልጻፍ? እሱን ብቻ ንገሩኝ።