ጎርፉን ግባ ያለው ሰው

ከማሉዲን ቆቦ ከተማ ዳር የቤት ቦታ ባገኘ ዕለት መጀመሪያ ያደረገው ጎንበስ ብሎ አፈሩን ማፈስ ነበር። በመዳፉ ፈረከሰው፣ አሸተተው፣ ከዚያ ቀና ብሎ ሚስቱን ፈሪሀን አያትና፣ «ወላሂ፣ እዚህ ላይ ቤት መሥራት ኃጢአት ነው» አላት።

ሴትዮዋ ምን ትበል? ከገጠሩ ቀዬ ተነስተን ከተማ እንግባ እያለች ስትጨቀጭቀው ስንት ዘመኗ! ጉልበቷ ውሃ መቅዳት እምቢ ብሏታል። እሱም ቢሆን ወገቡን ይዞ ነው የሚነሳው፣ ሰው ፊት ግን አይዝም።

«ስማ፣» አለችው፣ «ነሐሴ ሳይገባ ይህ ቤት ካላለቀ እኔ ወልድያ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ። አንተ ከማሳህ ጋር ኑር።»

ፈሪሀ ያለችውን የማታደርግ ሴት አይደለችም። ከማሉዲን ደግሞ ያለ እሷ እንደማይሆንለት አገር ያውቃል። ልጃቸው ሂባ የወለደች ጊዜ ፈሪሀ ልታርሳት ሄዳ ስትቆይ፣ ሰውየው ከመክሳቱ የተነሳ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል። እና ፈራ።

ፈርቶስ ምን አደረገ? አናጢውን ኤፍሬምን ይዞ መጣና ይከራከረው ጀመር። ኤፍሬም ከፍ ያለውን መሀሉን ሲመርጥ፣ እሱ እጁን ይዞ ወደ ታችኛው ጥግ፣ ጠጠር ወዳለበት ጎተተው።

«አያ ከማሉ፣ ይሄ እኮ ዝቅ ያለ ነው፤ ውሃ ይተኛበታል።»

«መሀሉ ለም ዋልካ አፈር ነው አቦ! ይህን በመሰለ አፈር ላይ አልጋ ይዘረጋል?»

«ታዲያ ምን ልታደርገው ነው?»

«ምንም። ይቀመጥ!»

ኤፍሬም ሳቀና የባለቤቱ ጣት ባመለከተበት ችካሉን ተከለ። እሱ ምን ቸገረው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተጎተተ። ከማሉዲን አንድ ቀን ማሽላው ተባይ ገባበት ይላል፣ ሌላ ቀን በሬው አሞታል ይላል። በሬው ከእሱ የተሻለ ጤነኛ ነበር። ጭዱን ያመጣችው ፈሪሀ ናት፤ ባጃጅ ውስጥ በከረጢት ተከባ፣ አንገቷ ብቻ እየታየ። ቆርቆሮውም የተመታው እሷ ኤፍሬም ራስ ላይ ቆማ ነው። በመጨረሻ ሐምሌ ላይ የቀዬው ሰው በጅጌ መጣ። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር እየረገጠ፣ እየዘፈነ፣ እየተሰዳደበ አራቱንም ግድግዳ መርጎላቸው ሄደ። እንዲደርቅ መጠበቅ ብቻ ቀረ።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስት ግቢያቸውን ሲያጸዱ፣ ወደ ምዕራቡ ተራራ ሰማዩ ጠቆረና አጉረመረመ። ቆቦ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም። ጥቂት ቆይቶ ግን የጎርፉ ድምፅ ተሰማ። የሰፈሩ ሰው እየተጯጯኸ በየበሩ ድንጋይና አፈር መቆለል ያዘ።

ከማሉዲን ግን ያንን ድምፅ ከሰማ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ሳይቀድመው ጎርፉን ጠልፎ ማሳው ውስጥ ማስገባት። አካፋውን አንስቶ ሮጠ። ያ ወገብ ምን እንዳገኘው እንጃ! አጥሩ ሥር ጎረቤት ለሁሉም ብሎ የከመረውን አፈር አፈረሰና ውሃውን ወደ ግቢው መለሰው። ከፊት ከፊቱ እየሮጠ በአካፋው መራው።

«ጠጪ! እሰይ! ጠጪ እናቴ!» ይላል መሬቷን። ደስታው ልክ አልነበረውም።

«አንተ ሰውዬ! ቤቱ!»

የፈሪሀ ጩኸት ነው። ዞር ሲል፣ ውሃው መሀሉን አጥግቦ ወደ ታችኛው ጥግ ወርዷል። ያልደረቀው ጭቃ እንደ ገንፎ እየሟሸሸ ይወርድ ነበር። ጎረቤት ተሯሩጦ ጎርፉን እስኪዘጋው ድረስ የአንዱ ጎን ግድግዳ እንጨቱ ብቻ ቀረ።

ፊት ለፊት ሱቅ ያላት አስረሳሽ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ «አጃኢብ እኮ ነው! ሰው ጎርፍ ያባርራል፣ አያ ከማሉ ግባ ይለዋል!» አለች። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

ፈሪሀ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ሻርፗን አጣፋች፣ ባጃጅ አስቆመች፣ ሄደች።

ከማሉዲን ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። አፍሯል፤ ከማፈሩ ይልቅ ግን ፈርቷል። ስልኳ ይጠራል፣ አታነሳም። ይኸኔ የወልድያን መኪና ይዛለች ብሎ አሰበ። ለአፈር ብዬ ሚስቴን አጣሁ አለና እንባው መጣ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያው ባጃጅ ተመልሶ ቆመ። ፈሪሀ ከረጢት ይዛ ወረደች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ውሃው ወደሰረገበት ወደ መሀሉ ገባች።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«የጤፍ ዘር። ከገጠሩ ቤት ነው ያመጣሁት።»

«ወልድያ... አልሄድሽም?»

«ይህን ሁሉ እርጥብ መሬት ጥዬ? ነሐሴ እስኪገባ ጊዜ አለ፤ ግድግዳውን ነገ አንተው ራስህ ትመርጋለህ። አሁን ተነስ፣ በዚያ በኩል ጀምር፤ ሊጨልም ነው።»

ከማሉዲን ተነሳ። ዘሩን ሲዘግን ከመቸኮሉ የተነሳ የመጀመሪያው ጭብጥ እግሩ ሥር ተደፋ።

«ኧረ በትነው!» ብላ ጮኸችበት ፈሪሀ። «እንደ ከተሜ አትዝራ!»